ሪሃም ማለት ወርቅ አይደለም

ለምወድህና ትንሽም ለምፈራህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ያ ስትነሳ ሲጢጥ የሚለው ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከጣውላው ጋር ይሟገታል? እማዬስ እንዴት ናት? አዲሱን መነጽሯን ታደርገዋለች ወይስ ለእንግዳ ቀን ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? እህቴ ባለቤትህስ? እነዚያ መንትዮችስ፣ አንዱ ባጠፋው ሌላው የሚቆነጠጠው፣ ደህና ናቸው? ልጄስ እንዴት ናት? እሷን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ከጀመርኩ ስለማላቆም ነው።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከቀኝ ክንዴ በስተቀር ደህና ነኝ። ክንዴም ቢሆን ከትልቁ መተኮሻ ጋር ተጣልቶ ነው እንጂ በሽታ አልያዘውም። የምሠራበት ላውንደሪ፣ ያው የልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ አዲስ ማሽን ገዝቷል፤ ቁልፍ መብላት የሚወድ ማሽን ነው። አንዱን ሸሚዝ ሰባት ቁልፍ ይዞ ገብቶ በሁለት ሲወጣ አየሁት። አለቆቹ እሱን ትተው እኛን ይቆጡናል፤ ማሽን አይቆጡት ነገር!

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። በሁለት ማጠቢያ መሃል ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ተቀምጬ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። በስልክ እንዴት እንደምንሆን ታውቀዋለህ፤ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ ካንተ በላይ እጮሃለሁ፣ መስመሩ ይቋረጥና ሁለታችንም ዘጋብኝ፣ ዘጋችብኝ እያልን ሳምንት እንኮራረፋለን። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ወረቀት ሲናገር ማንም አያቋርጠውም። አደራህን፣ እራት ሳይቀርብ በፊት የቤቱን ሰው ሁሉ ሰብስበህ ጮክ ብለህ አንብበው። አንድም መስመር እንዳትዘል፤ በተለይ እኔን የሚያሳፍረውን።

በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ የጻፍከውን ልድገመው። ልጄ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንደኛ ክፍል ትመዘገባለች። ከአረብ አገር የተመለሰው ጎረቤታችሁ ሾፌሩ፣ ስሟ ሲጠራ ሰምቶ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ ሪሃም ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው አለ። ወርቅ ማለት ነው ስትሉት ሳቀ። ወርቅ በአረብኛ ‹ዘሀብ› ነው፣ እዚያ ስኖር እንዲህ የሚባል ሰው አላጋጠመኝም፣ የለምም፣ እንዲያውም የሳል መድኃኒት ስም ይመስላል አለ። ከዚያች ቀን ወዲህ የሰፈሩ ልጆች «ሽሮፕ» ነው የሚሏት። ትናንት ስታለቅስ ገባች፣ ዛሬም ስታለቅስ ገባች። አንተም እንጨትህን ጥለህ ልጆቹን በመዶሻ ልታባርር ምንም አልቀረህ። በመጨረሻ፣ እናቷ ወርቅ ማለት ነው ብላናለች፣ እንግዲያው በራሳችን ቋንቋ ወርቅነሽ ተብላ ትመዝገብ፣ ያኔ ማንም አይስቅባትም ብለህ ወሰንክ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ያሰብከው ስለምትወዳት ነው፤ ጠፍቶኝ አይደለም። አልጋዋን በእጅህ የሠራህላት አንተ ነህ። ወርቅነሽም ክፉ ስም አይደለም፤ እንዲያውም ያምራል። ግን አይሆንም። ምክንያቱ ደግሞ ካንተ ይልቅ የሚያሳፍረው እኔን ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የራሱን ነገር አንተ ታውቀዋለህ፤ የአፉን እኔ ልንገርህ። ሪሃም ማለት ወርቅ ነው ብዬ የነገርኳችሁ ውሸቴን ነው።

የወለድኩ ማግስት ደወላችሁ፣ አስታወስክ? ስሟን ነገርኳችሁ። አንተ ትርጉሙን ጠየቅኸኝ። እኔ ደግሞ ትርጉሙን አላውቀውም ነበር። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ቤቱ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ እንደሚጠብቅ ይታወቀኛል። አባቷ ገና ሳትወለድ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ እናንተም ይህን ሰምታችሁ ምንም አላላችሁኝ፣ ዝምታችሁ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። በዚያ ላይ ለልጄ የማላውቀውን ቃል ስም አድርጌ ሰጠኋት ብዬ እንዴት ልናገር? አጠገቤ ያለችውን አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሴትዮ እጇ ላይ አምባር ያብለጨልጫል። ዓይኔ እሱ ላይ አረፈና «ወርቅ ማለት ነው» አልኩ። እማዬ እልል አለች። እልልታ ከወጣ በኋላ እንዴት ተብሎ ይመለሳል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ። ሰባት ዓመት አደረና ይኸው ጠራ። አሁን አንተ ሳታውቅ የኔን ውሸት ተርጉመህ የልጄ ስም ልታደርገው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ አንዴ ወርቅነሽ ካለ ሰርተፊኬቷም፣ መታወቂያዋም፣ የሠርግ ወረቀቷም ወርቅነሽ ነው የሚለው። በጠራሃት ቁጥር የኔን ውሸት ትጠራዋለህ። ይሄማ አይሆንም። ውሸቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እሸከመዋለሁ።

ታዲያ ትርጉሙን ሳታውቂ ምን ብለሽ አወጣሽላት እንደምትለኝ አውቃለሁ። በሰው ነው ያወጣሁላት። ይህን ሰባት ዓመት አልነገርኳችሁም፤ ብነግራችሁ ከሥራ ልባረር እንደነበርም መንገር ሊኖርብኝ ነው፣ እማዬ ደግሞ እንቅልፍ የላትም።

እንደምታውቀው ላውንደሪያችን የአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤትና የነርሶች መኖሪያ ልብስ ያጥባል። ልብሱ እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ላይ በቀይ ክር ስም የተጠለፈባት ጣት የምታህል ጨርቅ ትሰፋለች። የኔ ሥራ በስም መለየት ነው፤ ጨርቋ የተቀደደችውን ደግሞ እንደገና ጠልፎ መስፋት። የአረብኛ ፊደላቸውን የተማርኩት ከደብተር እንዳይመስልህ፣ ከኮሌታ በስተኋላ ነው። ዛሬም ጋዜጣ ቢሰጡኝ አንድ መስመር አላነብም፤ ስም ከሆነ ግን ማንም አይቀድመኝም።

ፊደሉን ያስተማረችኝ የመተኮሻ ክፍሉ አለቃ ነበረች። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የምትለውን ለመስማት ማሽን ማጥፋት የሚያስፈልግ ሴትዮ። ስሟ ሪሃም። በአምስተኛው ወር ሆዴ ገፋ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና በወሩ መጨረሻ ትወጪያለሽ አለኝ። እኔ መቼም ቃሪያ ነኝ፤ ስሜን አንተው ነህ ያወጣኸው። በራሳችን ቋንቋ ከአያቱ ጀምሬ አወረድኩበት። ምስኪን፣ የማመሰግነው መስሎት ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሪሃም ይህን ሰማች። በማግስቱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመች። ያቺ ልጅ ትቆይ፣ እጇ ያስፈልገኛል አለችው። አይሆንም አላት። እሺ ብላ ወደ መተኮሻዋ ተመለሰች። በነጋታው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር፣ ያንኑ ቃል። አይሆንም። እሺ። በሦስተኛው ቀን፣ በአራተኛው ቀን፣ ኧረ ምን ልበልህ! ቀደም ብሎ ሲመጣ እሷ ቀድማዋለች። በጓሮ በር ሊገባ ሲል የጓሮው በር ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችምም። አሥራ ዘጠኝ ቀን። በሃያኛው ቀን ሰውየው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት፣ በቃ ትቆይ፣ ብቻ አንቺን ጧት ጧት አልይ ብሎ ጮኸ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ወደቀ፤ እሷ ግን እሺ ብላ ብረቷን ለማሞቅ ሄደች።

እንግዲህ ልጄን የወለድኩበት አልጋም፣ የአራስነቴ እንጀራም የመጣው በዚያች ሴት እግር ነው። የሆስፒታሏ ነርስ ለወረቀቱ የልጅሽ ስም ማነው ስትለኝ ሌላ ስም ከየት ይምጣልኝ? ያለችኝን ባለውለታ ስም ሰጠሁ።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት መፈተሽ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሾፌሩን ወሬ፣ ማለትም እንዲህ የሚባል ሰው የለም ያለውን። እኛ ዘንድ የስም ጨርቆቹ የሚቀመጡበት ግድግዳ ሙሉ መሳቢያ አለ። ከምሳ ሰዓቴ ተበድሬ ሁሉንም በረበርኩት። ፋጢማና መርየም መሳቢያቸው ሞልቶ አልዘጋ ይላል። ሌሎቹም ስሞች ሃያም ሠላሳም ይገኛሉ። ሪሃም ስንት ተገኘች? ሁለት። አንዷ የአንዲት ነርስ ጋውን ላይ የምትሰፋ፣ አንዷ ደግሞ አለቃዬ ጡረታ ስትወጣ ትታው የሄደችው ሽርጥ ላይ። ሾፌሩ አላጋጠመኝም ማለቱ እውነቱን ነው፤ እዚህም ቢሆን በስንት ልብስ መሃል የምትገኝ ብርቅ ስም ናት። የለም ማለቱ ግን ስህተት ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ መንገድ ተሻግሮ ያለው ፋርማሲ ገባሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ወፍራም መጽሐፍ ያነባል። ክንዴን አይቶ ሳልጠይቀው የሚቀባ ነገር አወጣ። ቅባቱ ይቆይ፣ ሪሃም የሚባል የሳል መድኃኒት አለ ወይ አልኩት። በመነጽሩ በላይ አየኝና አርባ ዓመት ሙሉ ስሸጥ እንዲህ የሚባል መድኃኒት በጄ አላለፈም አለ። ይህን ለሾፌሩ ንገርልኝ፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ልጆች በተሰበሰቡበት።

ከዚያ ትርጉሙን ጠየቅሁት። ከባንኮኒው ስር በላስቲክ የተጠቀለለ መዝገበ ቃላት አወጣ። ጣቱን እያራሰ ገለጠ፣ አነበበ። እንዴት ላስረዳት ብሎ ሲያስብ ቆየና ጣቶቹን በመስታወቱ ባንኮኒ ላይ ቀስ እያደረገ ያንኳኳ ጀመር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ዝናብ ነው አለ። ግን ኃይለኛው አይደለም፣ ነጎድጓድም የለውም፤ ቀጭን ነው፣ ደካማ ነው፣ ብቻ አያቋርጥም። እኔ እንደ እብድ «ካፊያ!» ብዬ በቋንቋችን ጮህኩ። መድኃኒት ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ።

ቃሉ የጥንት ነው አለኝ። ዝናብ ብርቅ የሆነባቸው የድሮ ሰዎች ለእያንዳንዱ ዓይነት ዝናብ ለብቻው ስም ነበራቸው፤ ለዶፉ ሌላ፣ ለመጀመሪያው ጠብታ ሌላ፣ ለዚህ ለማያቋርጠው ቀጭን ደግሞ ይህ። ዛሬ ሰው ሁሉንም ዝናብ ብሎ ይገላገለዋል። ስሙን ለልጅ የሚያወጡም በዚህ አካባቢ ጥቂት ናቸው፣ የሰማው ሁሉ አዲስ መጤ ስም ይመስለዋል፣ አሮጌ መሆኑን አያውቅም አለ። ቅባቱን ገዝቼ ወጣሁና መንገድ ዳር ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ አላልቅ ብሎኝ አለቀስኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በር ላይ የቆመችው ሴትዮ ስሟ የማያቋርጥ ካፊያ ነው! እኔ ሳላውቅ አውቄ ነበር ያወጣሁት፣ ወንድም ጋሼ። ምን አስዋሸኝ ታዲያ!

ትናንት ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እሷን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጇ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለችው፤ በረንዳውን በቆርቆሮ በተተከለ ተክል ሞልታዋለች። ውሸቴን ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። ሽሮፕ መባሏን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። እሷም በሰባት ዓመቷ በስሟ ታለቅስ ነበር። ልጆች «የራሰችው» እያሉ ስትነሳ የተቀመጠችበትን ያደርቁላት ነበር፤ የየትም አገር ልጅ አንድ ነው። አባቷ በቦቴ መኪና ውሃ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ስሜን ቀይርልኝ ብላ ለመነችው። እንቢም እሺም አላላትም። አስቀምጦ የተወለደችበትን ቀን ነገራት፤ ሦስት ዓመት ጠብ ያላለበት አገር ከንጋት እስከ ምሽት ሲያካፋ መዋሉን፣ እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ደስ ያለው ያን ቀን መሆኑን ነገራት። ከዚያ አሁን አስቢበትና አንቺው ንገሪኝ አላት። ሳምንት አሰበች። ከዚያ ይኸው እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

በኛ ዘንድ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል ብዬ ነገርኳት። መልካም፣ መልአኩ ሲጨርስ ባለቤቷን ይጠይቅ አለችኝ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳብሰለስል መጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ስሙ ይቅር ያለ ሰው ጠላቴ ነው ልልህ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ልጄን የማውቃት በድምጿ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው የላክሁላችሁ፤ ማጥባቴን አታስታውስም፣ አዝዬ መተኮሴን አታስታውስም። ከኔ ያላት ስሟ ብቻ ነው። እሱንም ብትወስድባት ምኗ ነኝ? ያንጀቴን ነው የምነግርህ። ግን ያቺ ሴትዮ ልክ ናት። እኔ ሳልጠይቃት ሰጠኋት፣ አንተ ሳትጠይቃት ልትነጥቃት፤ ሁለታችንም እሷን ረሳናት።

ስለዚህ የምፈልገው ይህ ነው፣ ደግሞም አልመለስበትም። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ልጄን አጠገብህ አስቀምጣትና ሁሉንም ንገራት። እናቷ ዋሽታ እንደነበር ንገራት፣ አታለሳልሰው። በር ላይ የቆመችውን ሴትዮ ንገራት። ጣትህን ጠረጴዛ ላይ ጠብ፣ ጠብ እያደረግህ ካፊያውን አሰማት። ከዚያ ተዋት፣ ታስብበት። አትጎትጉታት፣ አታባብላት፤ እማዬም እንዳታባብላት።

የምዝገባው ቀን ይዘሃት ሂድ። መዝጋቢው ስም ሲጠይቅ አንተ አፍህን ያዝ። ከባድ እንደሆነብህ አውቃለሁ፤ የሚስማር ልማድህን አድርግ፣ ሁለት ሚስማር በከንፈርህ ያዝና ቁም። ራሷ ትናገር፣ እሷ ያለችውን ይጻፍ። ወርቅነሽ ካለች ወርቅነሽ ትሁን፤ አንጀቴ ያርራል እንጂ አፌ ትንፍሽ አይልም። ሪሃም ካለች ደግሞ ሾፌሩም ይስማ፣ መንደሩም ይስማ።

ሳትጠይቃት ቀድመህ ብታስጽፍ ግን እወቀው፣ አልጮህብህም፤ መጮኽ ትቻለሁ። ጧት ጧት አንድ ሰዓት ላይ ስልክህ ይጠራል፤ ልጅቷ ትጠየቅ እላለሁ። አይሆንም ትለኛለህ፣ እሺ ብዬ እዘጋለሁ። በነጋታው አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ይጠራል። ስልኩን ብታጠፋ በባለቤትህ፣ እሷ ብታጠፋ በጎረቤት፣ እሱም ባይሆን በሾፌሩ በራሱ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ማለት ምን እንደሆነ ካጠገቧ ሆኜ ነው የተማርኩት።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለእልልታዋ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ግን ካፊያም እልል ያስብላል በላት። ለእህቴ ለባለቤትህ፣ ልጄን እንደ ልጇ ስላጠበች፣ ስለቆጣች፣ ስላበጠረች ውለታዋን በምን እከፍላለሁ? ሰላምታዬ ከልቤ ይድረሳት። መንትዮቹን ሳምልኝ፤ ሽሮፕ ያለ ልጅ ካለ በድንጋይ ሳይሆን በትርጉም ይመልሱለት። ለሾፌሩም ሰላም በልልኝ፤ ቅያሜ የለኝም፣ እሱ ባይስቅ ኖሮ እኔ ሳልናገር እሞት ነበር።

ለልጄ ከፖስታው ውስጥ በቀይ ክር የጠለፍኳት ጣት የምታህል ጨርቅ አለች፤ በራሳችን ፊደል «ሪሃም» ትላለች። እናቴ፣ ዓይኔ፣ ስምሽን ከወደድሽው አጎትሽን የዩኒፎርምሽ ኮሌታ ላይ ይስፉልኝ በያቸው። ካልወደድሽው አትጣያት፣ መልሰሽ ላኪልኝ። እኔ የራሴ ልብስ ላይ እሰፋታለሁ።

ታናሽህ ቃሪያ

ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሁድ ጧት፣ ነሐሴ 12 ቀን